ከሦስቱ ትምህርት ቤቶች የታችኛው

ሚያዝያ 6

ለእህቴ ልጅ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በደህና ያግኛችሁ። የእናትሽን ጉልበት፣ የአንቺን ዓይን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ድምቡሼም ደህና ናት።

በእናትሽ ፋንታ ላንቺ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። እናትሽ እኔን የአጎቷን ልጅ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ታውቀኛለች፤ ደብዳቤ ስልክላት ግን መልሷ ሁልጊዜ «ደህና ነን፣ አትጨነቂ» የሚል አንድ መስመር ነው። አንቺን ስታድጊ አላየሁሽም። ባለፈው ግን የእሷን መልስ ስትጽፊላት ከታች በራስሽ ሐሳብ ስለ ጎረቤታችሁ ድመት የጨመርሽውን አነበብኩና፣ ይህቺ ልጅ ነገር ታያለች አልኩ።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። እዚህ በሰው አገር፣ በአረጋውያን መጦሪያ ለመሥራት የገባሁት ውል የሚያልቀው ከዓመት በኋላ ነው። ድምቡሼን ግን ከመስከረም በፊት ወደ እናንተ ልልካት አስቤአለሁ፤ እናትሽም «ላኪያት፣ አልጋው ሰፊ ነው» ብላኛለች። ልጄ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። በሰፈራችሁ ሦስት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ። እባክሽ ሦስቱንም እይልኝና አወዳድረሽ ጻፊልኝ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ እንዳለው፣ አስተማሪዎቹ የሚቀሩ እንደሆነ፣ ውጤታቸው እንዴት እንደሆነ። ሰላይ ሁኚልኝ።

እጅሽ አይዛል፣ እደጊልኝ።

አክስትሽ


ሚያዝያ 27

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። የእናቴ ጉልበት ብርድ ሲሆን ያማታል፤ እሷ ግን ይህን እንዳልጽፍ ነግራኛለች። ድምቡሼን ይሳሙልን።

የዘገየሁት ረስቼ አይደለም። ለሰላይነት የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም። ሱቅ ገብቼ ሳሙና ስጡኝ ለማለት እንኳ ሌላው ሰው ሁሉ ገዝቶ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። እናቴ «ዛሬም አፍሽን ቤት ረስተሽው ወጣሽ» ትለኛለች።

ስለዚህ የጀመርኩት ከሥራ ቦታዬ ነው። ላውንደሪያችን የመንገዱ ጥግ ላይ ስለሆነ በመስኮቱ ብዙ ነገር ይታያል። እናቴ ታጥባለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። እንፋሎቱ መስታወቱን ሲሸፍነው በእጅጌዬ እጠርገውና ልጆቹ ጠዋት ሲያልፉ አያቸዋለሁ። የደንብ ልብሳቸው ሦስት ዓይነት ነው፤ ሰማያዊ፣ ቡናማና አረንጓዴ።

ሰማያዊዎቹ የባለ ፎቁ ትምህርት ቤት ናቸው። ከሰፈሩ ሁሉ ጥሩ ውጤት ያለው እሱ ነው፤ አንደኛ የወጡ ልጆች ፎቶ በሩ ላይ ተሰቅሏል። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አለው፣ አስተማሪዎቹ አይቀሩም። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዳይሬክተሩ የዘገዩትን በድምፅ ማጉያ በየስማቸው ይጠራሉ፤ እኛ ድረስ ይሰማል። ከዚያ አንድ ልጅ ወደ ፊት ይወጣና የማባዛት ሠንጠረዥ በቃሉ ይላል። ሲሳሳት ሰልፈኛው በሙሉ ይስቃል። ወላጆች ልጆቻቸውን እዚያ ለማስገባት ይጋፋሉ።

ቡናማዎቹ የገበያው ናቸው። ትምህርት ቤቱን ከገበያው የሚለየው አንድ ግንብ ብቻ ነው። የአንድ አስተማሪ ጋዋን ተኩሼ ስለነበር እሱን ላደርስ ብዬ ገባሁ። በአንድ ዴስክ አራት ልጆች ተጣበው ተቀምጠዋል። ከግንቡ ማዶ ሽንኩርት ሻጩ «ረከሰ፣ ረከሰ» ይላል፣ አስተማሪው ከሱ በላይ እየጮኸ የአትክልት ክፍሎችን ያስተምራል፤ «ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል» ሲል ልጆቹ «ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ ረከሰ» ብለው ተቀበሉት። አስተማሪው ራሱ ሳቀ። ደጎች ናቸው። መጸዳጃ ቤቱን ግን አይጠይቁኝ።

አረንጓዴዎቹ የታችኛው ናቸው። ከወፍጮ ቤቱ በታች ድሮ መጋዘን የነበረ ነው። ሰዎች «ሌላው ያልተቀበለው ልጅ የሚገባበት» ይሉታል። እሱን ገና አላየሁትም።

እስካሁን ካየሁት ባለ ፎቁ ይበልጣል፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ግን አይቸኩሉ። ድምቡሼ ምን እንደምትወድ ቢጽፉልኝ ለማወዳደር ይረዳኝ ነበር።

ታዛዥ ልጅዎ


ግንቦት 14

ለልጄ፣

ጤናሽ ይብዛ፣ የካውያው እንፋሎት ፊትሽን አይንካው፤ እናትሽንም አንቺንም ክፉ አይድረስባችሁ። እኛ ደህና ነን።

የሽንኩርቱን ነገር እዚህ ለምጦራቸው ለአንድ ሽማግሌ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ጠዋት ይሁን ማታ እኔን ነው የሚጠይቁት። ሳቁና «እኔ እዚያ ነው መማር የነበረብኝ» አሉ።

አሁን ውጤቱን ተይው። የተሰቀለውን ፎቶም ተይው። ሌላ ነገር እይልኝ። አስተማሪ ሲጠይቅ ልጅ የሚመልሰው ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ? ባይመልስስ ምን ያደርጉታል? ልጅ ብቻውን ጥግ ሲቀመጥ ይተዉታል ወይስ ይጎትቱታል? ለማወቅ ያህል ነው።

ድምቡሼ የምትወደው አስኳሉ ያልፈሰሰ እንቁላል፣ ሥዕልና ወሬ ነው። ቤት ውስጥ አፏ አይገጥምም።

አንቺ ራስሽ የተማርሽው የትኛው ነው? አልነገርሽኝም። አንቱታውን ደግሞ ተይልኝ፤ ገና ጥርሴ አልረገፈም።

ፈጣሪ መልካሙን ሁሉ ያሳይሽ።

አክስትሽ


ግንቦት 30

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ሥራው አያድክምዎ፤ ሽማግሌውንም ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ።

አንቱታውን ለመተው ሞክሬ ነበር። «ደህና ነሽ ወይ» ብዬ ጻፍኩና ሰው የሰደብኩ መሰለኝ። ወረቀቱን ቀይሬዋለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ባለ ፎቁ ውስጥ ልጅ የሚመልሰው ቆሞ ነው፤ ካልመለሰ ደወል እስኪደወል እንደቆመ ይቆያል። ገበያው ውስጥ ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚመልሱ ማን እንዳልመለሰ አይታወቅም። የታችኛውን ግን እንዴት እንዳየሁት ብጽፍልዎ አፍራለሁ። ባልጽፍ ደግሞ ከየት አወቅሽው ይሉኛል።

ከምሳ በኋላ ከእናቴ ፈቃድ ጠይቄ ወረድኩ። ያሰብኩት በአጥሩ ቀዳዳ አይቼ ልመለስ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሳና «አሁን ነው የሚመጣው? ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁ ዋሉ» አለኝ። እኔ አይደለሁም ልል አፌን ስከፍት «ምክንያቱን ለሳቸው» ብሎ ገፋ አደረገኝ። ግቢውን አቋርጦ ቢሮ አስገብቶኝ ሄደ። ዞሬ መውጣት ነበረብኝ። እግሬ እሺ አላለኝም።

ምክትል ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ቢሯቸው ግማሹ ዕቃ ቤት ነው፤ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች እላይ በላይ ተከምረዋል። አግዳሚው ላይ አንዲት ልጅ አንድ እግሯን በካልሲ፣ አንድ እግሯን በጫማ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔን ስታይ ማን እንደሆንኩ እንደማታውቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ፈቀቅ አለችና ቦታ ሰጠችኝ። ተቀመጥኩ።

ለካ ልጅቷ ጫማዋን ጣሪያ ላይ ወርውራ ቤተሰብ ተጠርቶባት ነው። ምክትሏ ወደ እኔ ዞረው ታላቅ እህት መሆን ኃላፊነት እንዳለው፣ ጫማ በዛፍ እንደማይበቅል፣ ጣሪያው ላይ የሚወጣ ሰው ወድቆ ቢሰበር ማን ሊጠየቅ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም ይቅርታ፣ አይደገምም አልኩ። ልጅቷም ራሷን ነቅንቃ አገዘችኝ።

ከዚያ ልጅቷን ለምን እንደወረወረችው ጠየቋት። ዝም አለች። ይቆጧታል ብዬ ስጠብቅ ምክትሏ አንድ ጣሳ ሙሉ የደነዘዘ እርሳስ አወጡና መቅረጽ ጀመሩ።

«ስትደርሺ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ የትም አልሄድም» አሏት።

ብዙ ቆየን። አንድ አስተማሪ አንገቱን በበሩ አስገብቶ፣ ወይ ትናገር ወይ ክፍል ትግባ አለ። ምክትሏ ቀና ሳይሉ በእጃቸው መለሱት። የእርሳሱ ቅርፊት ጠረጴዛው ላይ ተቆለለ። እኔ ራሴ መጨነቄን ረሳሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። ማንም ማንንም አይጠብቅም ነበር ማለት አልችልም፣ ይጠብቁ ነበር፤ ግን አይከብድም።

በመጨረሻ ልጅቷ ተናገረች። ጫማዋ አዲስ ስለሆነ ልጆቹ እየተፈራረቁ ይረግጡባታል። «ጣሪያ ላይ ግን ማንም አይረግጠውም» አለች።

ምክትሏ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሲመለሱ ፊታቸው ደህና ነበር። ጫማው እንደሚወርድ፣ የረገጡትንም እንደሚያነጋግሩ ነገሯትና ለእኔ «ቤት ስትደርሱ እንዳትመቷት» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ልጅቷ እስከ በር ሸኘችኝ። «ነገም ነይ፤ አንቺ ከእውነተኛዋ እህቴ ትሻያለሽ» አለችኝ።

እንግዲህ የታችኛውን ያየሁት በዚህ ዓይነት ነው። መጸዳጃ ቤቱን አላየሁም። የክፍሉንም ልጆች አልቆጠርኩም። ይቅር ይበሉኝ።

ታዛዥ ልጅዎ


ሰኔ 7

የኔ ልጅ፣

አንደበትሽ ይባረክ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፣ መልሴን ዛሬ እጽፋለሁ፤ ሰላምታው ቢያጥር አትቀየሚኝ።

ያቺ ሴት እውነት ዝም ብላ ጠበቀቻት? ጣሳውን ሙሉ? ሳትቆጣ፣ ሳታባብል? ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ የአንሶላ መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት።

ልንገርሽ። ድምቡሼ ትምህርት ቤት ውስጥ አትናገርም። ከዓመት በላይ ሆኗታል። ቤት ስትገባ ኮቷን ሳታወልቅ ነው ወሬ የምትጀምረው፤ የትምህርት ቤቱን በር ስታልፍ ግን ድምጿ ይጠፋል። መጀመሪያ ቋንቋው ጠፍቷት ነው አሉ፤ ቋንቋውን ለመደችና አሁንም ዝም። አንድ ቀን አስተማሪዋ አስቁማት ልጆቹ ሳቁባት፤ ከዚያ ወዲህ ባሰባት። ጆሮዋን አስመረመርኳት፣ ደህና ነው። ሐኪሙ ፍርሃት ነው፣ ካልተጫኗት በጊዜው ይለቃታል አለኝ። እዚህ ግን የማይጫናት አላገኘሁም። እኔም ፈረቃዬ እየተቀያየረብኝ አብሬያት የምሆነው ጥቂት ነው።

የደበቅኳችሁ እናትሽ ልጅቷ ታማለች ብላ እንዳትፈራ ነው። ባለ ፎቁን ስታመሰግኚልኝ ሰልፉ ፊት የምትቆመው ድምቡሼ ሆና ታየችኝ፤ ግን ምክንያቱን መጻፍ አልቻልኩም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ወደዚያች ሴት ተመልሰሽ ሂጂና እንደዚህ ያለች ልጅ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ከባድ እንደሆነብሽ አውቃለሁ። ሌላ የምልከው ሰው የለኝም።

አክስትሽ


ሰኔ 29

ለልጄ፣

ደህና ናችሁ? መልስ ስላጣሁ ነው። ተቀይመሽኝ ከሆነ ተቀይሜያለሁ በይኝ። ምዝገባው ሊዘጋ እንደሆነ ሰማሁ። ካልቻልሽም ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።

አክስትሽ


ሐምሌ 4

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ በጣም ደህና ነን። በጣም ያልኩበትን ከታች ያዩታል።

አልተቀየምኩም። በሩ ድረስ እየሄድኩ እየተመለስኩ ነው የከረምኩት። ዘበኛው «ዛሬስ ምን ወረወረች?» ይለኛል፤ እኔም ዞሬ እመጣለሁ።

የትኛው ውስጥ እንደተማርኩ ጠይቀውኝ ሳልመልስ ቀርቻለሁ። የተማርኩት ባለ ፎቁ ነው፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል። ጥያቄ ሲመጣልኝ መልሱን እያወቅሁት አፌ ይታሰርብኝ ነበር። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቆሜ ነው የዋልኩት። እናቴ በታመመችበት ጊዜ ለትንሽ ቀን ላግዛት ብዬ ቀረሁ። ስትድን ተመለሺ አለችኝ፤ ካውያው ይሻለኛል አልኳት። ልብስ አይጠይቅም።

ባለፈው ሰኞ ገባሁ። የምናገረውን ስተኩስ ተለማምጄ ነበር፤ እናቴ ጸሎት የጀመርኩ መስሏት ዝም ብላኛለች። ምክትሏ እንዳዩኝ አወቁኝ።

«የባለ ጫማዋ እህት።»

«አይደለሁም» አልኩ።

«እኮ። በማግስቱ እውነተኛዋ መጥታ ዘበኛውን ሰድባ፣ እኔን ሰድባ ሄደች። ያቺ የፊተኛዋ ማን ነበረች ስል ሰነበትኩ። ታዲያ ያን ዕለት ይቅርታ ስትጠይቂኝ የነበረው ስለ ማን ነው?»

«እንጃ። ስለ ሁላችንም» አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ ሳያልቅ ካልተናገርኩ እንደማልናገር አውቄ፣ አንዲት ልጅ አለች፣ ቤት ታወራለች፣ ትምህርት ቤት አትናገርም፣ ትቀበሏታላችሁ ወይ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

መዝገቡን ገለጡ። የሁለተኛ ክፍል ቦታ ሞልቷል አሉ። ከዚያ ተነሥተው የተሰበሩትን ወንበሮች አንድ በአንድ መነቅነቅ ጀመሩ። አንዱን ወደ ብርሃኑ አወጡና እግሩን ብቻ ካሠሩት እንደሚያገለግል ነገሩኝ። ለሷ የሚሆን ቦታ በመስኮቱ በኩል አለ አሉ።

ከዚያ ዝም የምትለው መናገር ስላልቻለች ነው ወይስ ስለፈራች ብለው ጠየቁኝ። ፈርታ ነው አልኩ። እንዴት አወቅሽ አሉ። መዝገቡን ዘግተው እጃቸውን እላዩ ላይ አድርገው ተቀመጡ። ያን ለእርስዎ ከላይ የጻፍኩትን ስለ ባለ ፎቁ፣ ስለ መቆሙ፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን፣ ነገርኳቸው። ጨርሼ ቀና ስል አላዘኑልኝም፤ እንዲያው ሰሙኝ። እንደዚህ ቀለል ብሎኝ ከሰው ቢሮ ወጥቼ አላውቅም።

የልጅቷን ስም ጽፈዋል። ቤተሰብ ሲጠራ የሚመጣ ሰው ማን ነው ሲሉኝ የእኔን አስጻፍኩ። አሁን በእውነት እመጣለሁ ማለት ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። «ይህን ነው የደበቀችኝ? እኔ ልጅ የምመልስ ሰው ነኝ?» አለች። ቀጥላ በያዘችው እርጥብ አንሶላ ወደ እኔ አመለከተችና «ደግሞ ዝም የሚል ልጅ ለኔ አዲስ ነው እንዴ?» አለች።

ይላኳት። ወንበሩ ተጠግኗል፤ ሄጄ ተቀምጬበት አይቻለሁ።

ልጅዎ


ሐምሌ 20

የኔ ልጅ፣

ምን ብዬ ልመርቅሽ፤ የምርቃት ቃሉ ሁሉ አነሰብኝ። ያሰብሽው ይሙላልሽ።

ደብዳቤሽን ስጨርስ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሰዓት ሠሪው ምግባቸው ሲቀዘቅዝ አይተው «ማን ሞተ?» አሉኝ። ማንም አልሞተም፣ ወንበር ተጠግኖልኝ ነው አልኳቸው። ወንበር ለሰው ደስታ እንዲህ የሚሆን መሆኑን አላውቅም ነበር አሉ።

ድምቡሼን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለዕረፍት ስትመጣ ይዛት ትመጣለች። ፀጉሯን ስታበጥሪያት ከጫፉ ጀምሪ። እንቅልፍ ሲመጣባት ወሬዋ ይፈጥናል፤ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

እናትሽን ይቅርታ አድርጊልኝ በያት።

አክስትሽ


መስከረም 22

ለተከበሩ አክስቴ፣

ልጅዎ በሰላም ገብታለች፣ በሰላምም ሰንብታለች። እርስዎም ሐሳብ አይግባዎ።

ድምቡሼ ብለው ሲጽፉ እኔ የምትንከባለል ልጅ ነበር የጠበቅሁት። ይህቺ እኮ የመጥረጊያ እንጨት ናት። የደረሰች ዕለት እናቴ ገልብጣ አገላብጣ አየቻትና «ድምቡሼነቱ በሻንጣ ነው የሚመጣው?» አለች። ወሬዋን ግን እውነትዎን ነው። ሌሊት የሚመጣ ዝሆን፣ የአውሮፕላኑ መጸዳጃ ቤት፣ የእርስዎ ሽማግሌ ጥርስ፣ ሁሉንም ሰምተናል። እናቴ ጆሮዋን በትራስ ሸፍና «አትናገርም የተባለችው ይህቺ ናት?» ትላለች።

ትምህርት ቤት ግን አልተናገረችም። በሩ ጋ ስንደርስ እጄን ጭምቅ ታደርገውና ፊቷ ድንጋይ ይሆናል። አስተማሪዋ ስም ስትጠራ የድምቡሼ ስም ጋ ስትደርስ ቀና ትላለች፤ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ መዝገቡ ላይ የመገኘት ምልክት ታደርግላታለች። ሌላ ምንም አትላትም። ድምቡሼ ተቀምጣ ትውላለች፣ ትጽፋለች፣ ትሥላለች።

ልጅዎ


ጥቅምት 9

ለልጄ፣

ሁላችሁንም ደህና ያድርግልኝ። ሌላ ወሬ አያሻኝም፤ ተናገረች ወይስ አልተናገረችም?

የተሳሳትኩ እየመሰለኝ ነው። ድምቡሼን ያመጣቻት ባልደረባዬ ባለ ፎቁ ውስጥ ሰው ታውቃለች፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ከጠየቅን ቦታ ይገኛል አለች። ምናልባት ጠበቅ አድርገው ቢይዟት ትለቅ ይሆናል። ዝም ብለው ሲተዋት ዝም ብላ እንዳትቀር ፈራሁ። እናትሽን አማክሪና ጻፊልኝ፤ እኔ ላዛውራት ወደሚለው አድልቻለሁ።

አክስትሽ


ጥቅምት 17

ለተከበሩ አክስቴ፣

አልተናገረችም።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እናቴን አላማከርኩም፣ ማንንም አላማከርኩም። ለእርስዎ ከዚህ በፊት እምቢ ብዬ አላውቅም፤ ለማንም ብዬ አላውቅም። አሁን ግን አይሆንም እላለሁ። እባክዎ አያዛውሯት።

እርስዎ ዝም ማለቷን ነው የሚያስቡት። እኔ የማየው ሌላ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ስወስዳት ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ወጥቶ ነበር የማገኛት፤ አሁን ወርዷል። ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ልጅ ጋር ቀለም ተካፍላ ስትሥል አየኋት። ባለ ፎቁ ውስጥ የሚቆሙ ልጆች ምን እንደሚያስቡ አውቃለሁ፤ ስለ መልሱ አያስቡም፣ ስለ እግራቸው ነው የሚያስቡት። እዚያ ብትገባ ማርክ ታመጣ ይሆናል፤ ድምጿን ግን ይዛው ትቀራለች፣ እንደኔ።

ይቆጡኝ። ግን ትንሽ ይጠብቋት።

ልጅዎ


ኅዳር 3

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬን በኋላ እጽፋለሁ። ተናገረች።

ትናንት ሥራ ቀለል ስላለ ልወስዳት ቀደም ብዬ ሄድኩ። ዕረፍት ላይ ነበሩ። ግቢው ውስጥ ባለችው አንድ ቧንቧ ልጆች ተሰልፈዋል፣ ድምቡሼ ሁለተኛ ናት። ፊተኛዋ ጠጥታ ስትሄድ አንድ ከሷ በራስ የሚበልጥ ልጅ ከየት መጣ ሳይባል ከፊቷ ገባ። እኔ ከአጥሩ ጋ ቆሜ እጄ ብረቱን ያዘ። ገብቼ ላስለቅቀው አሰብኩ፤ እንደልማዴ አሰብኩ ብቻ።

«ተራዬ ነው» አለች።

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ልጁ አልሰማትም። ሸሚዙን ከኋላ ያዘችና ደገመችለት፣ አሁን እኔ ድረስ የሚሰማ ነበር። ልጁ ዞር ብሎ አፉን ከፍቶ አያት። «ይህቺ ታወራለች እንዴ?» አለ። ከሰልፉ ውስጥ አንዷ «ታዲያ ተራዋ አይደል?» አለችው። ወጣላት።

አስተማሪዋ በረንዳው ላይ ነበረች። እጇን አንስታ ልታጨበጭብ ስትል ምክትሏ ክንዷን ያዝ አደረጓት፤ ሁለቱም ወደ ሌላ ቦታ የሚያዩ መሰሉ። እኔም መሰልኩ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ አንድ ቀንድ አውጣ ስታወራ ስለ ቧንቧው አንድም ቃል አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ቤት ገብቼ ለእናቴ በጆሮዋ ስነግራት ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ ሆኖ አይደለም።

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። እኔም ከሥራ በኋላ እዚያው የታችኛው ለሠራተኞች በሚሰጠው ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ገብቻለሁ። እስካሁን እጄን አላወጣሁም። ማንም አላስቆመኝም።

ልጅዎ


ኅዳር 15

የኔ ልጅ፣

ቤታችሁ ሞልቶ ይፍሰስ። እናትሽ ዕድሜ ትጥገብልሽ።

በእምቢታሽ ሁለት ቀን ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ካልነገርኩሽ መቼ ልነግርሽ ነው። በሦስተኛው ቀን ለባልደረባዬ ተይው አልኳት። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም።

ደብዳቤሽን ስከፍት ሰዓት ሠሪው አጠገቤ ነበሩ። እንባዬን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሰው ተጣላች አልኳቸው። «እና ለዚህ ይለቀሳል?» አሉ። አይ፣ ደስ ብሎኝ ነው አልኳቸው። ብዙ አሰቡና፣ የእናንተ አገር ሰው አስቸጋሪ ነው አሉኝ።

ሁሉን ጽፈሽልኝ አንድ ነገር አስቀረሽብኝ። እስክትጽፊልኝ አላርፍም። ውሃውን ጠጣች?

አክስትሽ


ኅዳር 24

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጠጥታለች። ብዙ ነው የጠጣችው። ልጁ ከኋላዋ ሆኖ ቶሎ በይ ሲላት ቧንቧውን ሳትለቅ፣ ውሃው ባገጯ እየወረደ፣ አንገቷን ብቻ አዞረችለት።

«ስጨርስ» አለችው።

ልጅዎ